ክር የታሰረበት ማሽላ

አቶ ወልደ ሚካኤልን አንቱ ማለት ያቆምኩት በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። ያቆምኩትም በሆዴ እንጂ በአፌ አይደለም። በአፌማ ከዚያም በኋላ ብዙ ወር «እርስዎ» እያልኩ፣ ወንበር እየሳብኩለት፣ ሲያስነጥስ «ይማርዎ» እያልኩ ኖሬያለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አንቱታውን ነስቼዋለሁ። ለራሴም ቢሆን ከእሱ የተሻለ ክብር የለኝም። በዚህ ነገር ሁለታችንም እጃችንን አስገብተናል፤ ማጭዱን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ቆቦ ላይ የእርሻ ልማት ሠራተኛ። ወልደ ሚካኤል አለቃዬ ነበር። ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር አንድ ሰፊ ማሳ ከልለን «ሠርቶ ማሳያ» የሚል ሰሌዳ ተክለንበታል። ሰሌዳው በቀይ ቀለም የተጻፈ፣ ከመኪና ላይ ሆኖ የሚነበብ ነው። ወልደ ሚካኤል ከማሳው ይልቅ ሰሌዳውን ይወድ ነበር። አቧራ ሲይዘው ያስጠርገዋል። ማሳው አረም ሲይዘው ግን ትዝ አይለውም።

የራያ ቆላ ዝናብ ብቻ ጠብቆ የሚያርስ አገር አይደለም። ዝናቡ የሚወርደው ተራራው ላይ ነው፤ ለቆላው የሚደርሰው ጎርፉ ነው። ገበሬው ወንዙ ውስጥ የግራር ቅርንጫፍ፣ ድንጋይና አፈር ይከምርና ጎርፉን ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ጠለፋ ይሉታል። ጠለፋውን የሚያሠራ፣ የውሃ ተራ የሚያወጣ፣ ሰው ሲጣላ የሚዳኝ አንድ ሽማግሌም ይመርጣሉ፤ የውሃ አባት ይባላል። የዚያ ሰፈር የውሃ አባት አባባ ሙሀመድሰይድ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጥምጥማቸው ከራሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። እኔ ቆጥሬ ምን እንደሠራሁ አሁን ትሰማላችሁ።

ጠለፋቸው በየክረምቱ ይፈርሳል። በየዓመቱ ደግሞ ይሠሩታል። እኔ ይህን ሳይ ከስንፍና ቆጠርኩት። በ1965 በጋ ላይ ወረቀት ዘርግቼ የግንብ ንድፍ አወጣሁ፤ በሲሚንቶና በጥርብ ድንጋይ፣ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር፣ ውሃውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሠርቶ ማሳያው የሚመልስ። ከታች ፊርማዬን አኖርኩ። ፊርማዬ ያኔ ጅራቱ ረጅም ነበር፤ አሁን ሳየው እፍረት ይይዘኛል። ንድፉን ለአባባ ሙሀመድሰይድ ወንዙ ዳር ቆሜ አስረዳኋቸው። በምርኩዛቸው ተደግፈው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህ ግንብህ ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ይፈርሳል?»

«አይፈርስም አባባ! ሲሚንቶ የሆነው ለዚህ እኮ ነው።»

«እንግዲያው ደግ አይደለም» አሉ። «ጠለፋ ትንሹን ጎርፍ እንዲያመጣ፣ ትልቁ ሲመጣ ደግሞ እንዲፈርስ ተብሎ ነው የሚሠራ። ጠለፋው ፈርሶ ጎርፉ በወንዙ ይሄዳል፣ ማሳው ይተርፋል። አንተ ጠለፋውን አትፍረስ ብለህ ማሳውን ልታፈርሰው ነው።»

ሳቅሁ። አዎ፣ በሽማግሌ ፊት ሳቅሁ። ቢሮ ገብቼ ለወልደ ሚካኤል ስነግረው ደግሞ እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የሚፈርስ ግድብ! የሚያፈስ እንስራም ይሥሩላ!» አለ። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ቀልድ የራሱ አድርጎ ያወራው ነበር። ግንቡን የሠሩት እነዚሁ ገበሬዎች ናቸው። በጋውን ሙሉ ድንጋይ ሲያግዙ ስለከረሙ የራሳቸውን ጠለፋ የሚጠግኑበት ጊዜም ጉልበትም አላገኙም።

ጉልበት ማለቴ እንዲያው ለወግ አይደለም። ረሃቡ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በሬ የነበረው በሬውን፣ ፍየል የነበረው ፍየሉን ጨርሷል። ሰኔ ላይ አባባ ሙሀመድሰይድ የሰፈሩን አሥራ አንድ ቤት ሰበሰቡ። በየቤቱ የቀረው ዘር ብቻ ነው። በዚያ አገር የዘር ማሽላ ከነራሱ ተቆርጦ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። በእነዚያ ቤቶች ምድጃው ከቀዘቀዘ ሰንብቷል፤ የሚበስል የለማ። ከላይ ግን ዘሩ እንደተሰቀለ ነው። ሰው በረሃብ እየተሟጠጠ ቀና ብሎ ያየዋል፤ አይነካውም። ዘር የበላ ቤት የቀብር ጉድጓዱን በእጁ እንደማሰ ይቆጠራል።

«አቅማችን የሚደርሰው ለአንድ ጠለፋ ነው» አሏቸው አባባ ሙሀመድሰይድ። «ስለዚህ አንድ ማሳ እናጠጣለን። ዘራችሁን አንድ ላይ አምጡት።»

የተመረጠው የራቢዓ ማሳ ነው። ራቢዓ ባሏ ለሥራ ወደ አሰብ ወርዶ የቀረባት፣ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ማሳዋ ከእኔ ግንብ ከፍ ብሎ፣ ለወንዙ በምትገብር አንዲት ትንሽ ፈፋ ዳር ነው። እዚያ የግራር ቅርንጫፋቸውን ከመሩ። የአሥራ አንዱን ቤት ዘር ዘሩበት። ውላቸውም ይኸው ነበር፤ ከዚህ ማሳ የሚገኘው ዘር በከርሞው ለአሥራ አንዱም ቤት ይከፈላል፤ የተሰደደም ቢሆን ሲመለስ ድርሻውን ያገኛል።

ሐምሌ ላይ ጎርፉ መጣ። ያን ክረምት የመጣው ጎርፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሁለት ዓመቱን ቂም ይዞ ነው የመጣ። የራቢዓ ጠለፋ የመጀመሪያውን ውሃ ለማሳው ሰጥቶ፣ ሲከብድበት ፈረሰና ቀሪውን በፈፋው አሰናበተው። የእኔ ግንብ ግን አልፈረሰም። ጎርፉን እስከ መጨረሻው ተቀብሎ፣ ከነቋጥኙ፣ ከነግንዱ፣ ሠርቶ ማሳያው ላይ ደፋው። በማግስቱ ስሄድ ማሳው የለም። በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ያበድንለት መሬት አንድ ክንድ ያህል ታጥቦ፣ ነጭ ጠጠር ለብሶ ተኝቷል። ግንቤ ቆሟል። ሰሌዳውም ቆሟል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ እኔ ያረስኩት አረም እንኳ የማያበቅል ነበር።

ወልደ ሚካኤል መጥቶ አየው። ለቁጣ የተዘጋጀሁ ነበርኩ። እሱ ግን መሀረቡን አውጥቶ ጫማውን ጠረገና «ሪፖርቱ ላይ ሰብሉ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል በል» አለኝ። አልኩ። በዚያ ቀን ያልኩት ነገር ነው በጥቅምት መጥቶ አንገቴን የያዘኝ።

መስከረም ላይ የራቢዓ ማሽላ ራስ አወጣ። በዙሪያው አገሩ ሁሉ አመድ መስሎ ያ አንድ ማሳ ብቻ አረንጓዴ ነው። ያኔ ነው ክሩ የታሰረው። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ማሽላው ራስ ሲያወጣ ሴቶቹ ማሳው ውስጥ ይገቡና ወፍራሙን፣ ጤነኛውን፣ ቀድሞ የደረሰውን እየመረጡ ክር ያስሩበታል። ክር የታሰረበት ለዘር ነው። አይበላም፣ አይሸጥም፣ አይሰረቅም። ያልታሰረውን ግን የራበው መንገደኛ ከማሳው ዳር ቆርጦ ቢበላ ባለቤቱ አይቆጣም። በዚያ ዓመት ክር የሚገዛ ስላልነበረ እያንዳንዱ ቤት ከልብሱ ቀደደ። ከቀይ ሻሽ የተቀደደ አለ፣ ከሰማያዊ ሽርጥ የተቀደደ አለ። አባባ ሙሀመድሰይድ ከጥምጥማቸው ቀደዱ። እያንዳንዱ ቤት ሃያ ሃያ ራስ አሰረ። ከዚያ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው እህል ይታደላል ወደ ተባለበት ወደ ወልዲያ ሄዱ። ራቢዓ ቀረች፤ ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ትጠብቃለች። አባባ ሙሀመድሰይድ ወልዲያ መጠለያው ውስጥ በመስከረም መጨረሻ አረፉ። ወሬውን ያመጣልን የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ በመስኮት ጮኾ ነግሮን አለፈ።

አውራ ጎዳናው ያኔ ምን ይመስል እንደነበረ መናገር ያቅለሸልሸኛል፤ ግን ካልተናገርኩት የቀረው አይገባም። ከደጋውና ከአላማጣ በኩል የሚመጣ ሕዝብ ቀን ከቀን በዚያ ያልፋል። የሚወድቀው እዚያው ይወድቃል። ልብስ የለበሰ ሰው ከሩቅ ሲያዩ እጅ ይዘረጋሉ፤ ኋላ ኋላ መዘርጋቱንም ትተውት ነበር። ይህ ሕዝብ በራቢዓ ማሳ ዳር ያልፋል። ያልታሰረውን በሉ፣ አገዳውንም አኘኩ። ከመንገዱ በኩል ያለው ጠርዝ ተላጨ። በተላጨው መሀል ግን ክር ያለበት ማሽላ እንዳለ ቆሟል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ከአንዱ ቀይ ክር ሥር ተቀምጣ ሳለች ሞታ አግኝተናታል። ማሽላው ከራሷ በላይ እንዳጎነበሰ ነበር። አልነካችውም።

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ወልደ ሚካኤል ወደ ቢሮዬ እየሮጠ ገባ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ወደ ሰሜን ሊያልፉ ነው፤ በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሠርቶ ማሳያውን ይጎበኛሉ። በሪፖርቱ አንብበው ወደውታል።

«ጌታዬ፣ ማሳው እኮ ጠጠር ነው» አልኩት።

«እንዴት ጠጠር ይሆናል? በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህ?»

ይህን ብሎ በመስኮት ወጪ ወራጁን አየና ፊቱ በራ። ያ ሲበራ ያየሁት ፊት እስካሁን ይቀፈኛል። «ያቺ ሴትዮ ማሽላ አላት አይደል?» አለ።

ጎህ ሲቀድ ራቢዓ ማሳ ደረስን። ሁለት ፖሊሶች አሉ፤ ከመንገድ ዳር የተሰበሰቡ ሃያ ያህል ሰዎችም አሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጣሳ ስንዴ ቃል ተገብቶላቸዋል። ስንዴው ለእነሱ ሊታደል የመጣ መሆኑን አልነገርናቸውም። ሥራው ማሽላውን ከሥሩ እየቆረጡ መሸከም፣ ሠርቶ ማሳያው ላይ ጉድጓድ እየበሱ መትከል ነው። እንግዶቹ ከመኪና ወርደው ለሩብ ሰዓት ካዩት ይበቃል። ለሩብ ሰዓት አይጠወልግም። ይህን ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህስ ነው የተማርኩት።

ሰዎቹ ያልታሰረውን ቆረጡ። ከመሀል የቀረው ግን ጥቂት ነው፤ የሚበዛውም ራሱ የተበላ አገዳ ነው። ወልደ ሚካኤል ከመኪናው ሳይወርድ ጮኸ። «ራስ ያለውን! ራስ የሌለው እንጨት ምን ያደርግልኛል? እነዚያን ትልልቆቹን!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከመሀላቸው እግሩ ያበጠ፣ ከዋግ በኩል የመጣ አንድ ሰው ነበር። ማጭዱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ።

«ጌታዬ፣ ይህ ክር አለው።»

«ቢኖረውስ?»

«ዘር ነዋ። በኛም አገር እንዲሁ ነው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ስንዴው ይቅርብኝ።»

ይቅርብኝ አለ። ያን ቀን ጠዋት ከሆዱ ውስጥ ምንም ያልነበረ ሰው ነው ይህን ያለው። ሌሎቹም ማጭዳቸውን አንድ በአንድ አኖሩ። ወልደ ሚካኤል ከመኪናው ወርዶ ወደኔ መጣ። ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ ሲናገር ትንፋሹ የጠዋት ጥብስ ይሸታል።

«የዚያ ግንብ ንድፍ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ማሳውን የበላው ያ ግንብ ነው። እንግዶቹ ጠጠሩን ካዩ እኔ የምሰጣቸው አንድ ስም ብቻ ነው። ወስን።»

ራቢዓ ከማማዋ ወርዳ ከኋላዬ ቆማለች። መጮህ ትችል ነበር፤ አልጮኸችም። ጉልበቷን ለመናገር አስቀረችው።

«አቶ አለሙ፣ እርስዎ ያውቁታል» አለችኝ። «ገና ወተት ነው። አሁን ቢቆረጥ ቡቃያ አይወጣውም። ሃያ ቀን ይስጡኝ። ሃያ ቀን ብቻ! ከዚያ ወዲያ ማሽላውን ከፈለጉ ማሽላውን፣ እኔን ከፈለጉ እኔን ይቁረጡ።»

አውቀው ነበር። ሃያ ቀን መሆኑንም በልኩ አውቀው ነበር። የአሥራ አንድ ቤት ዘር መሆኑን፣ ለአሥራ አንዱ ቤት ከዚያ ሌላ በምድር ላይ አንዲት ፍሬ እንደሌላቸው አውቃለሁ። «እንግዶቹ ጠጠሩን ይዩት» ብል ኖሮ ሥራዬን አጣ ነበር፤ ምናልባትም እታሰር ነበር። ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ኖሮኝ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። የለኝም።

ያ የዋጉ ሰው መሬት ያኖረውን ማጭድ አነሳሁ።

መጀመሪያ ቀዩን ቆረጥኩ። ከዚያ ሰማያዊውን። ከሥር ሰያፍ አድርጌ ነው የምቆርጠው፤ መሬት ውስጥ በቀላሉ እንዲገባ። ራሱን ስይዘው ፍሬው በጣቴ መሀል ይፈርጥና ነጭ ወተቱ እጄ ላይ ይፈሳል። ይጣበቃል። ሲደርቅ ቆዳ ይወጥራል። አባባ ሙሀመድሰይድ ከጥምጥማቸው የቀደዱት ነጭ ክር ላይ ስደርስ እጄ ቆም አለ፤ ቆም አለና ቀጠለ። ሁለት መቶ ሃያ ራስ ነው። ብቻዬን ቆረጥኩት። ሃያው ሰው ዳር ቆሞ ያየኛል፤ አንድ ሰው አልተሳደበም። ቢሰድቡኝ ምነኛ በቀለለኝ።

የተከሉት የቢሮው ዘበኞችና ፖሊሶቹ ናቸው፤ እኔም አብሬ ተከልኩ። ጠጠሩን በዘንግ እየበሳን፣ አገዳውን እየሰካን፣ በጫማችን እየረገጥን። ከመንገዱ ሲያዩት እውነትም ያማረ ማሳ ነው። ክሩን እንፍታው ወይ ብዬ ስጠይቅ ወልደ ሚካኤል «ጊዜ የለም፤ ደግሞ ያምራል» አለ።

የቀረው ሕዝቡ ነው። መንገድ ዳር የተኛውን ሁሉ ፖሊሶቹ ነድተው ወደ ወንዙ አወረዱት። ወንዙ ውስጥ ከመንገድ የማይታይ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከእኔ ግንብ ጀርባ። እዚያ አስቀመጧቸው። መሄድ የሚችሉት ሄዱ፤ የማይችሉትን በእጅና በእግራቸው ይዘው ወሰዷቸው። ግንቤ በዕድሜው ለአገር የሰጠው አገልግሎት ይህ ብቻ ነው።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሦስት መኪና መጣ። የእንግዶቹ መሪ ወፍራም፣ ጥቁር ካፖርት የደረበ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነበር። ወልደ ሚካኤል ከፊት ከፊት እየሄደ ስለ ዘመናዊ መስኖ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ ያስረዳል። እኔ እጄን ከኋላዬ አጣምሬያለሁ፤ ወተቱ አልለቀቀኝም።

«እነዚህ ክሮች ምንድን ናቸው?» አለ እንግዳው።

«የምርምር ምልክት ነው ክቡርነትዎ» አለ ወልደ ሚካኤል፣ ዓይኑን ሳያሽ። «እያንዳንዱ ቀለም አንድ የማዳበሪያ ዓይነት ያመለክታል።»

«ድንቅ ነው! ነጩስ?»

«ነጩ… ነጩ ከሁሉም የተሻለው ነው።»

እንግዳው ጎንበስ ብሎ ነጭ ክር ካለባቸው አንዱን ያዘ፤ ራሱን ወደ ዓይኑ ለማቅረብ ሳብ አደረገው። አገዳው ያለ ሥር ከመሬቱ ወጥቶ እጁ ላይ ቀረ።

ሰያፍ የተቆረጠው ጫፉ፣ የማጭዴ ምልክት፣ አፍንጫው ሥር ነው። አየው። ቀና ብሎ ወልደ ሚካኤልን አየ። እኔን አየኝ። ከግንቡ በኩል በዚያች ቅጽበት የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ እሱንም ሰማ። ይጩህ ብዬ ጸለይኩ። በእውነት ጸለይኩ፤ ይጩህ፣ ይሳደብ፣ በጥፊ ይምታኝ፣ እስር ቤት ይላከኝ፣ ብቻ አንድ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ይህ ነገር አስጸያፊ ነው ይበል አልኩ።

እንግዳው አገዳውን ዝቅ አድርጎ ቀዳዳውን ፈለገ። አገኘው። መልሶ ሰካውና በጫማው ጫፍ ዙሪያውን ረገጥ ረገጥ አደረገ፤ እኛ ስንተክል እንዳደረግነው። ከዚያ መሀረብ አውጥቶ እጁን ጠረገና ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ። «አሁን አንሳ» አለው። ለእኛ ደግሞ «ጥሩ ነው፤ በርቱ» አለን።

ከዚያ ቆቦ ገብተን ምሳ ተበላ። ሁለት ፍየል ታርዷል። እኔም በላሁ። አልበላም ብዬ ወጣሁ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ በዚያው ወተት በደረቀበት እጄ በላሁ። ወልደ ሚካኤል ቅልጥም ሲሰብር ፍንጣሪው ጉንጬ ላይ አረፈ። ጠረግሁትና ፈገግ አልኩለት። የጎረስኩትንም ዋጥኩ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ማሳው ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ አላውቅም። ማሽላው ጠውልጎ ራሱን ደፍቷል። ሕዝቡ ከግንቡ ጀርባ ተለቆ ሠርቶ ማሳያውን ከቦ ተቀምጧል፤ አንድም ሰው ወደ ውስጥ አልገባም። ራቢዓ ብቻዋን መሀሉ ውስጥ ናት። ከራስ ወደ ራስ እየሄደች ክሩን ትፈታለች። ከየቀለሙ አንድ አንድ እጀጠባቧ ኪስ ታስገባለች፤ የቀረውን ትጥላለች። ስትፈታ የቤቱን ስም ትጠራለች። «የነ ብዙነሽ… የነ በድረዲን… የአባባ ሙሀመድሰይድ፣ አላህ ይማራቸው…» ሁሉንም ስትጨርስ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ፈትቼዋለሁ» አለች። «እንግዲህ ብሉት።»

ያኔ ገቡ። ጥሬውን፣ ወተቱን፣ አገዳውን በሉት። ያ ማጭዱን ያኖረው ሰው መጨረሻ ላይ ነው የተነሳው። ራቢዓ በአጠገቤ ስታልፍ ቆመች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንቱ ነበር የምትለኝ።

«ሰዎቹ ሲመለሱ ዘራችንስ ይሉኛል» አለችኝ። «ወዳንተ ነው የምልካቸው። ስማ፣ ወዳንተ ነው።»

በግንቦት ዝናብ መጣ፤ አገሩም ተገለበጠ። አዲስ አበባ ላይ ሚኒስትሮቹ መታሰር ጀምረዋል። ቆቦ ገበያ ላይ ስብሰባ ተጠርቶ ስለ ረሃቡ ንግግር ያደረገው ማን መሰላችሁ? ወልደ ሚካኤል ነው። «ሕዝቡ ሲያልቅ ደብቀውት ነበር!» አለ፣ እንባውን በዚያው መሀረብ እየጠረገ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወንበሩን የሳብኩለት እኔ ነኝ።

ከስብሰባው በኋላ ባሉት ቀናት ከተሰደዱት የተረፉት አንድ አንድ እያሉ ቢሮዬ መጡ። መጀመሪያ የመጣችው ብዙነሽ ናት፤ ከወልዲያ መጠለያ የተመለሰች፣ ከአምስት ልጅ አንድ የቀራት። በሩ ላይ ቆማ ቀይ ጨርቅ ዘረጋችልኝ። ራቢዓ የሰጠቻት ነው።

«ዘሬን ልወስድ ነው» አለችኝ። «አቶ አለሙ ጋ ነው ተብዬ ነው።»

ምን እላታለሁ? የቢሮውን ምርጥ ዘር ከጆንያው በጣሳ ሰፍሬ ሰጠኋት። እፍኝ አድርጋ አየችው። አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰበረች። ይህ የእኛ አይደለም አላለችም፤ ብቻ ጨርቁን መልሳ ለማጠፍ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ጣሳውን ነጠላዋ ውስጥ ገልብጣ ወጣች። ሰዎቹ የዘሩት ያ ዘር ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ እንደደረቀ ኋላ ሰማሁ። የጎርፍ አገር ዘር አልነበረም።

ሌሎቹም እንዲሁ ጨርቃቸውን እያሳዩ መጡ፣ ሄዱ። ሰኔ ሲጠባ ቆጠርኩ። ከአሥራ አንዱ ቤት የተገኘው የራቢዓን ጨምሮ የአምስቱ ነው። ወልደ ሚካኤል በሐምሌ ደሴ ተሹሞ ሄደ፤ ለሽኝቱ ፍየል ታርዷል። ግንቡ አሁንም አለ፣ አይፈርስም።

የስድስቱ ቤት ክር ራቢዓ ጋ ተቀምጧል። ነጩም ከነሱ መሀል ነው። በየሰኔው ሰው ትልክብኛለች፤ በቀጥታ ወዳንተ የመጣ አለ ወይ ብላ ታስጠይቀኛለች። የለም እላለሁ።